የሞተውን አባል ማን ያንሳው?

ቼዝ ለመጫወት፣ ተራራ ለመውጣት ወይም በመጽሐፍ ላይ ለመወያየት የሚሰባሰቡ ሰዎች አንድ አባላቸው ሲሞት ቀብር ይደርሳሉ፣ ቤተሰቡን ያጽናናሉ፤ በዚያው ያበቃል። ስሙ ከመዝገቡ ይሰረዛል፣ መዋጮውም ይቋረጣል። ይህ አይበቃም። ማኅበሩ ራሱ፣ በደንቡ በሰፈረ ሥርዓት፣ የሞተ አባሉን ሊያስብ ይገባል።

ይህን አሳምረው የያዙት የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ናቸው። ፈቃድ አውጥተው፣ ያለ ክፍያ፣ ከቤታቸው ከዓለም ዳርቻ ጋር ይገናኛሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት የሞርስ መምቻው ዝም አለ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1914 የተመሠረተው የአሜሪካ ማኅበራቸው በመጽሔቱ ለሟቾች ቋሚ ዓምድ አለው፤ የሚወጣው አየር ላይ የሚታወቁበት መጠሪያ ምልክታቸውና ስማቸው ነው፣ ውዳሴ የለበትም። ሃምሳ ዓመት አየር ላይ የቆየውም፣ ፈቃዱን አምና ያገኘውም እኩል አንድ መስመር ይደርሳቸዋል። ከመሥራቾቹ አንዱ ሂራም ፐርሲ ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሞት መጠሪያው ለማኅበሩ ዋና ጣቢያ ተሰጠ፤ ዛሬም በዚያው ይጠራል። የተራው አባል መጠሪያም ቢሆን በአገሪቱ ደንብ መሠረት እስከ ሁለት ዓመት ለባዕድ አይሰጥም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የቅርብ ዘመድ፣ ወይም ዘመድ በጽሑፍ የፈቀደለት ክበብ ሊወስደው ይችላል።

«ይህ የዕድርና የእምነት ቤት ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። ዕድር ይቀብራል፣ ቤተሰብም ተዝካር ያወጣል፤ እነሱ የሚያስቡት ግን አባትን፣ ባልን፣ ጎረቤትን ነው። ሌሊት ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ከፓስፊክ ደሴት የሚመጣ ደካማ ድምፅ ሲጠብቅ ያደረውን ሰው የሚያውቁት የሬዲዮ ወዳጆቹ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከተገናኙ በኋላ ቀን፣ ሰዓትና ሞገድ የተጻፈበት ካርድ ይላላካሉ። ልጆቹ ካርቶን ሙሉ ያረጀ ወረቀት ያያሉ፤ ጓደኞቹ ግን የትኛው ካርድ በስንት ልፋት እንደተገኘ ይነግሯቸዋል። ያን የሕይወቱን ክፍል ሌላ ማንም ሊመሰክርለት አይችልም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሰዎች የሚሰባሰቡት ለደስታ ነው የሚለው ነው። አባላቱ እያረጁ ሲሄዱ ስብሰባው ሁሉ ለቅሶ ቤት እንዳይሆን መስጋት ተገቢ ነው። ሥርዓት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፦ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የእያንዳንዱ ስምና በማኅበሩ ውስጥ የሠራው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር። ደንብ ከሌለ ለተወዳጁ ረጅም ንግግር ይደረጋል፣ ዝምተኛው ይረሳል፤ ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው። ኩባ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ለካፓብላንካ መታሰቢያ የቼዝ ውድድር ታካሂዳለች፤ ይገባዋል፣ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ጠረጴዛ እየደረደረ ለጀማሪዎች መንገድ ያሳየው የክበብ አባል ግን ውድድር አይሰየምለትም፤ የእሱ መከታ ደንቡ ብቻ ነው። የእምነት ልዩነትም ቢሆን ስም ከማንሳት አይከለክልም፤ ቤተሰቡ አይሆንም ካለ ግን ይከበርለት።

ማኅበር የምትመሩ ሁሉ፣ ይህን ሥርዓት የሚደነግግ አንቀጽ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አቅርቡ። እስከዚያው ድረስም የሞተውን አባል ስም ከመዝገብ አትሰርዙ፤ ያረፈበትን ዓመት ከጎኑ ጻፉበት።