አየር አንሸጥም

በሞያሌ በኩል ቡና፣ በርበሬና ጤፍ የምናመላልስ ሴቶች ነን፤ ሚዛን እናውቃለን። ስለዚህ «በትንፋሽ የሚበላ ምግብ» አምጡና ሽጡ እያላችሁ የምትጎተጉቱን ልጆች መልሳችንን ስሙ፦ አንሸጥም።

ነገሩ አዲስ እንኳ አይደለም። የሃርቫርዱ መሐንዲስ ዴቪድ ኤድዋርድስ በ2009 እ.ኤ.አ. «ለ ዊፍ»ን ፓሪስ ላይ ለገበያ አቀረቡ። የሊፒስቲክ የምታህል ትንሽ ዕቃ ናት፤ ሲስቧት የቸኮሌት ብናኝ አፍ ውስጥ ይበተናል። ከአንድ ካሎሪ በታች ነው ብለው አሞገሷት። ሙገሳ መሆኑ ነው! እኛ ዘንድ ይህ ሚዛን ማጉደል ይባላል። ሳንቲሟን ቆጥራ ለልጆቿ ምሳ ለምትገዛ እናት ምን ብለን እንስጣት?

ቀጥሎ ኤሮሾት መጣ፤ 100 ሚሊግራም ካፌይን በዱቄት መልክ። በ2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለአምራቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ምክንያቱ? ዕቃው ይተነፈሳል ወይስ ይዋጣል የሚለው ተምታቶ ሸማቹን ያሳስታል የሚል ነበር። ብናኙ ሳንባ እንዳይደርስ ተለቅ ተደርጎ ይሠራል ይሉናል። ይሁን። ግን ገዢው «ተንፍሰው» የተባለውን ነገር ወደ ደረቱ ቢስበው ማን ይጠየቃል? የበርበሬ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ የምታውቅ ሴት የብናኝን ነገር አስተማሪ አያሻትም።

«ቡና ሲቆላ ጭሱን ታሸቱ የለም ወይ?» ትሉናላችሁ። እናሸታለን፣ በነጻ። ከጭሱ በኋላ ደግሞ ሲኒው ይመጣል።

ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለ የሚመዘን ዕቃ አምጡልን፤ ዋጋውን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።