የሙሎው እንግሊዛዊና ስም የሌላቸው አያቶቻችን

አንድ ወዳጄ ልጁን ሳንፎርድ ትምህርት ቤት ለማስገባት ደፋ ቀና ሲል ሰንብቶ ተሳካለትና ቡና ጋበዘኝ። ስኒው እስኪቀርብ ለጨዋታ ያህል «ለመሆኑ ሳንፎርድ ማን ነው?» አልኩት። «ፈረንጅ ነዋ!» አለኝ፤ ተሳሳቅን። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «የአንተስ ቅድመ አያት ማን ይባላሉ?» ስለው ሳቁ ቆመ። አባቱን ያውቃል፣ አያቱን ያውቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭጋግ ነው። ሰውዬው ሁለት ዲግሪ አለው።

ስለ ፈረንጁ እንኳ እኔ ልንገራችሁ። ዳንኤል አርተር ሳንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1882 እንግሊዝ አገር የተወለዱ የመድፈኛ መኮንን ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግተው፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ወይዘሮ ክርስቲንን አግብተው፣ ከዚያ ወደ አገራችን መጡና ከሱሉልታ ወዲያ ሙሎ በሚባለው ቦታ እርሻ ያዙ። ልጆቻቸውን እዚያ አሳደጉ። ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ ቤተሰቡ ወጣ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ግን ሰውዬው ተልዕኮ 101 የሚባለውን ትንሽ ቡድን እየመሩ ከሱዳን ተነስተው ጎጃም ገቡ፤ ሲቀናቀኑ የኖሩትን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን በማስማማት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ለተከሉት ጃንሆይ መንገድ ጠረጉ። ከነጻነት በኋላ በመንግሥት አማካሪነት ሠሩ። ወይዘሮ ክርስቲን ደግሞ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ፤ ስለ ጃንሆይና ስለ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1955 ሁለት መጻሕፍት አሳተሙ። ብርጋዴሩ በጥር 1964 ዓ.ም. አረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ የገጠር መሬት አዋጅ መጣና የአገሩ መሬት ሁሉ፣ የፈረንጁም የመኳንንቱም፣ የመንግሥት ሆነ።

«ሰፋሪ ቅኝ ገዢ ነበሩ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጎረቤታችን ኬንያን እንይ። ሎርድ ዴላሜር እ.ኤ.አ. በ1903 የዘውዱ መንግሥት 100,000 ኤከር፣ ማለትም 40,000 ሄክታር ያህል መሬት ለ99 ዓመት በሊዝ ሰጣቸው። እዚያ ሕጉም ዳኛውም ፖሊሱም የሰፋሪው ወገን ነበር። ሙሎ ላይ የኖረው እንግሊዛዊ ግን በኢትዮጵያ ንጉሥ ሥር ያደረ ሰው ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አንዳንዱ ሳንፎርድን ጻድቅ ያደርጋቸዋል፣ ሌላው ሰላይ ይላቸዋል፤ ሁለቱም አንድ ገጽ ሳያነብ ነው የሚፈርደው። የእኔ ጠብ ከሳንፎርድ ጋር አይደለም። የእኔ ጠብ ከእኛው ጋር ነው።

እስቲ አስቡት። የዚህን ሰው ታሪክ ዓመተ ምሕረት እየቆጠርኩ ስነግራችሁ ተጽፎ ስለቆየኝ ነው። አሁን በዚያው ዘመን፣ በዚያው በሱሉልታ ሜዳ ላይ ጥማድ በሬ ስለነበረው አንድ ገበሬ ቤተሰብ ይህንኑ ያህል ንገረኝ በሉኝ። መቼ ተወለዱ? መሬቱን ከማን ወረሱ? በጣልያን ጊዜ የት ነበሩ? በ1966 ረሃብና በ1967 አዋጅ መካከል ቤታቸው ምን መሰለ? አፌን ይዤ ከመቆም ሌላ መልስ የለኝም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት እንደ ውዳሴ ማርያም እንደግመዋለን፤ ብዕር ማንሳት ላይ ግን ማንም የለም።

«ጽሑፍ የፈረንጅ ነው» የሚል ሰበብ እንዳታመጡብኝ። ከሳንፎርድ ጋር ያንኑ የጎጃም መንገድ ከተጓዙት አንዱ የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል የነበሩት ከበደ ተሰማ ናቸው። በኋላ ደጃዝማች ሆነው በ1962 ዓ.ም. «የታሪክ ማስታወሻ» የተሰኘ መጽሐፋቸውን በአማርኛ አሳተሙ። አየህ፣ አንድ ሰው ከጻፈ ይቀራል! ግን ከበደ ተሰማም ባለሥልጣን ነበሩ። በቅሎ የጎተተው፣ መንገድ የመራው፣ በየበረሃው እንጀራ የጋገረችው ማን ነበሩ? ፈረንጁም የጻፈው ስለ ራሱ ነው፣ መኳንንቱም የጻፉት ስለ ራሳቸው። ገበሬው ለራሱ እንዲጽፍ ፊደል አላስቆጠርነውም፤ ፊደል የቆጠርነው ልጆቹ ደግሞ አፈርንበት።

በሥነ ጽሑፍ አስተማሪነቴ ዘመን አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ስለ ቤተሰባችሁ ሁለት ሁለት ገጽ ጻፉ ብዬ ነበር። ከሰበታ አካባቢ የመጣ ልጅ ሁለት ዓረፍተ ነገር አመጣልኝ፤ «አያቴ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው አሁን ፋብሪካ ነው።» ለምን አሳጠርከው ብለው «ሌላ የነገረኝ የለም» አለኝ። ልጁ ሰንፎ አልነበረም። ዝም የተባለ ቤት ልጅ ነበር።

ዝምታው ደግሞ ምክንያት አለው። በሰሜኑ አገር ሰው ሰባት ቤት የሚቆጥረው ለጋብቻ ብቻ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በትውልድ ስለነበር አባቶቹን ያልቆጠረ መሬቱን ያጣ ነበር፤ የዘር ሐረግ የይዞታ ደብተር ነው። በ1967 ርስት ሲቀር መቁጠሩም ጥቅም አጣ፣ ቀስ በቀስ ተረሳ። በሸዋ ዙሪያ፣ በእነሱሉልታና በእነሰበታ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የቱለማ ኦሮሞም ጎሳውንና አባቶቹን በቃሉ ይቆጥራል። ነገር ግን መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለወታደርና ለሹም ከተሰጠ በኋላ የአያት ታሪክ መናገር ማለት «ይህ መሬት የእኛ ነበር» ማለት ሆነ። ጢሰኛ ይህን በባለርስቱ ፊት ሊናገር ነው? ልጁን ከጠብ ለማዳን ዝም አለ። አንዱ ታሪኩ ጥቅም ስላጣበት ረሳው፣ ሌላው ጉዳት ስላመጣበት ዋጠው።

የዋጠው ነገር ግን አልተፈጨም። ለአዲስ አበባ ሰው ሰበታ ማለት ቢራ ነው፣ ቡራዩ ማለት የገፈርሳ ውሃና የድንጋይ ካባ ነው፣ ሱሉልታ ማለት ወተትና ድርቆሽ ነው። ሦስቱንም እንደ ላም አለብናቸው፤ የላሟን ስም ግን የጠየቀ የለም። ከተማው ሰፋ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ያስነሳው ተቃውሞ በ2008 እንደገና አገር አናውጦ ሰው አስገድሎ ዕቅዱ ተሰረዘ። በ2015 ደግሞ ሦስቱም ከተሞች በኦሮሚያ ሥር በተቋቋመው ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለሉ። በዚህ ሁሉ መካከል የገበሬው ስም በወረቀት ላይ የሰፈረበት ዋናው ቦታ የካሳ ዝርዝር ነው። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የመፈናቀያ ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ተወስዶ በአሥር ይባዛ ነበር። በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛው ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛል። ማባዛቱ ተሻሻለ፣ ጥሩ ነው። ግን የአራት ትውልድ ቤት በስንት ይባዛል? ሕግ ይህን ሊተምን አይችልም። ልትተምነው የምትችለው የልጅ ልጅ ናት፤ እሷም ካልነገሯት አትችልም።

አሁን የሚመጣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ጋሼ፣ በዚህ ዘመን ማን ከየት መጣ የሚል ነገር እሳት ነው፣ ባይቆሰቆስ ይሻላል።» ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን እሳቱን የሚያቀጣጥለው የተጻፈ የቤተሰብ ታሪክ ነው ወይስ ያልተጻፈ አሉባልታ? አሉባልታ ስም የለውም፣ «እነሱ» እና «እኛ» ብቻ ነው የሚያውቀው። የአንድ ቤት ታሪክ ስም በስም ሲጻፍ «እነሱ» እና «እኛ» እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ። የቡራዩዋ አያት ከመንዝ የመጣ ወታደር አግብታ ይሆናል። የወታደሩ ልጅ በኦሮምኛ አልቅሶ በኦሮምኛ ተሞሽሮ ይሆናል። ጢሰኛውና ባለርስቱ በአንድ ማኅበር ጠላ ጠጥተው ይሆናል፤ በአንድ ዓመት ደግሞ አንዱ ሌላውን ከመሬቱ አባርሮት ይሆናል። ሁለቱም ይጻፍ። በደሉ ሲደበቅ በቀል ይሆናል፣ ሲጋነን ደግሞ ተረት ይሆናል፤ በስምና በዓመት ሲጻፍ ግን ታሪክ ሆኖ ይቀመጣል።

ደግሞ አልተገዛንም የሚለው ኩራታችን አንድ ነገር አሳስቶናል። ኬንያዊው ነጭ ሰፋሪ መሬቱን ስለወሰደበት ማን ምን እንደወሰደ ተገድዶ ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ ጻፈ። እኛ «ማንም አልነካንም» ብለን ስለምናምን በራሳችን እጅ የተነካካነውን ለመጠየቅ ድፍረት አጣን። የተወሰደ መሬት ወሳጁ ጥቁር ሲሆን አያምም ያለው ማን ነው?

ምን እናድርግ ለሚለኝ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ደብተር። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ወይም የትም ይሁን፣ ሽማግሌ ያለበት ቤት ልጅ በሚቀጥለው በዓል ዶሮው ሲበላ ቴሌቪዥኑን ያጥፋና ይጠይቅ። አባባ፣ እማማ፣ የት ተወለዱ? ያኔ ይህ ቦታ ስሙ ማን ነበር? ለማን ይገብሩ ነበር? ጣልያን ሲመጣ፣ ደርግ ሲመጣ፣ ካርታ የያዘው ሰው ሲመጣ ምን አላችሁ? በአማርኛ ከነገሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ከነገሩ በኦሮምኛ ይጻፍ። እርማት አያስፈልግም፣ ማሳመር አያስፈልግም። ዓመቱ ካልታወቀ «ክረምቱ የከፋበት ዓመት» ይባል። የእድር ጸሐፊውም የቀብር ማስታወቂያ ብቻ ከሚጽፍ የሟቹን ታሪክ ግማሽ ገጽ መዝገብ ላይ ቢያሰፍር ምን ይጎዳዋል?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙን ተውትና ወረቀቱን ያዙ።

ወዳጄ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። አንዲት የአባቱ አክስት ሆለታ መንገድ ላይ በሕይወት እንዳሉ ሰምቷል። «እሄዳለሁ፣ ግን ዝናቡ ያቁም» አለኝ። ሴትዮዋ ዘጠና አልፏቸዋል። ዝናቡን ተወውና ሂድ አልኩት።