አሉኮቦንድ ሲገዛ ሆዱም ይታይ

በአዲስ አበባ ፊቱን መስታወትና አሉኮቦንድ ያላለበሰ አዲስ ሕንፃ ማግኘት እየከበደ መጥቷል። ከባንክ ቅርንጫፍ እስከ ነዳጅ ማደያ፣ ከፋርማሲ ታፔላ እስከ ሆቴል መግቢያ ድረስ የሚለጠፈው ይኸው ሰሌዳ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1969 ዕቃውን በአውሮፓ ለገበያ ያቀረበው ፋብሪካ የንግድ ምልክት ነው። ሆኖም የልብስ ሳሙና ዱቄት ሁሉ ኦሞ እንደሚባለው፣ ከየትም ቢመጣ አሉኮቦንድ መባሉ አልቀረም።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ስሙ አንድ ስለሆነ ዕቃውም አንድ ይመስላል። ገዢው ቀለሙንና የካሬውን ዋጋ ጠይቆ ይከፍላል፤ በሁለቱ ስስ የአሉሚኒየም ሽፋኖች መካከል ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለወትሮው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሰሌዳ ውስጥ አሉሚኒየሙ ከሁለቱም ወገን ተደምሮ ቢበዛ 1 ሚሊ ሜትር ነው። የቀረው ሆዱ ነው። የርካሹ ዓይነት ሆድ ፖሊኢቲሊን፣ ማለትም ጀሪካንና ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። እሳት ሲያገኘው ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ይነዳል። በሰሌዳውና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት ደግሞ ነበልባሉን እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ይስበዋል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በሜልበርን ከተማ በረንዳ ላይ ከተተወ ሲጋራ የተነሳ እሳት በደቂቃዎች ውስጥ ከፎቅ ፎቅ እየዘለለ የሕንፃውን ጫፍ ነካ። በዚያ ሰው አልሞተም። በለንደን ግን እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ባለ 24 ፎቁ ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞቱ። ከነዋሪዎቹ መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆችም ነበሩበት። እሳቱ የተነሳው ከአንድ ቤት ማቀዝቀዣ ነበር፤ ሕንፃውን ያዳረሰው ግን በዕድሳት ጊዜ የለበሰው ፖሊኢቲሊን ያለበት ሰሌዳ ነው።

ለገበያ ሰው የሚያስደነግጠው ሒሳቡ ነው። መጀመሪያ የታሰበው የዚንክ ሽፋን ቀርቶ ይህ ሰሌዳ የተመረጠው ወደ 300 ሺህ ፓውንድ ለመቆጠብ ነበር። እሳት የሚቋቋመው የዚያው ሰሌዳ ዓይነት በካሬ ሜትር 2 ፓውንድ ያህል ብቻ ይበልጥ እንደነበር ደግሞ የለንደን ጋዜጦች በወቅቱ ጽፈዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ፣ ከ18 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው አዳዲስ መኖሪያ ሕንፃዎች ውጫዊ ግድግዳ ላይ ተቀጣጣይ ዕቃ መጠቀምን ከለከለች።

ይህ ማለት ግን ርካሹ ሰሌዳ ከገበያ ይጥፋ ማለት አይደለም። ለሱቅ ታፔላ የሚስተካከለው አይገኝም። ቀላል ነው፣ ዝገት አይበላውም፣ ከጀርባው ቦይ ወጥቶለት በእጅ ይታጠፋል፣ ፊደል ይቆረጥበታል። በታፔላ ላይ የሚነሳው ጥያቄ የቀለሙ ነው፤ ለቤት ውስጥ የተዘጋጀ ቀለም በአዲስ አበባ ከፍታ ያለችውን ፀሐይ ብዙም አይችላትም። ጥፋቱ የታፔላውን ዕቃ አሥር ፎቅ ላይ መስቀሉ ላይ ነው።

ስለዚህ ባለንብረቱ ከተቋራጩ ጋር በሚፈርመው ውል ላይ «አሉኮቦንድ» ተብሎ ብቻ መጻፉ ይቅር። የሆዱ ዓይነት፣ የአሉሚኒየሙ ውፍረትና የእሳት ደረጃው በግልጽ ይስፈር፤ የፋብሪካው የፍተሻ ሰነድም ይጠየቅ። አማካሪ መሐንዲሱም ቀለም ከማስመረጥ አልፎ ቁራጭ ቆርጦ ሆዱን ማየት ይገባዋል። ለስላሳ ፕላስቲክ ብቻ ሆኖ ክብሪት ሲነካው እየተንጠባጠበ ከነደደ ነገሩ ግልጽ ነው። ያለፈውም ቢሆን ሰነዱን አይተካም። የተስማሙበት ናሙና ታሽጎ ከውሉ ጋር ይቀመጥ፤ ከመኪና የሚራገፈው ዕቃ ከእሱ ጋር ተመሳክሮ ካልገጠመ፣ ግድግዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት ይመለስ።