በሰው ደመወዝ ትምህርት መምረጥ

በየዓመቱ የማመልከቻው ወራት ሲቃረብ አንድ ዓይነት ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። በኢኮኖሚክስ ወይም በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት ለማስተርስ ወደ አውሮፓ መሄድ ይመኛል፤ ተመኝቶም የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛው ይበልጣል?» የሚል ነው። የሚላኑ ቦኮኒ ወይስ የፓሪሱ ኤች.ኢ.ሲ.? ሮተርዳም ወይስ ማንሃይም? መልሱንም የሚጠብቀው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከደረጃ ሰንጠረዥ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ያ ሰንጠረዥ የሚመዝነው የእኛን ጉዳይ አይደለም። በእርሱ የሚመርጥ ተማሪ በሰው ደመወዝ ትምህርት ይመርጣል፤ ይህም ለግለሰቡ ብቻ ሳይሆን ለአገርም የሚተርፍ ስሕተት ነው።

እስቲ ሰንጠረዡን ራሱን እንመርምረው። ፋይናንሻል ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ በማኔጅመንት ማስተርስ የሚሰጡ ተቋማትን በደረጃ መደርደር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የስዊዘርላንዱ የሳንክት ጋለን ዩኒቨርሲቲ ከ2011 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት አንደኛነቱን ይዞ ቆይቷል። ለመሆኑ ከዋና ዋናዎቹ መመዘኛዎች አንዱ ምንድን ነው? ተመራቂዎች ትምህርታቸውን ከጨረሱ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያገኙት ደመወዝ፣ ያውም የየአገሩ የመግዛት አቅም ታስቦ ወደ ዶላር የተመነዘረ! ጋዜጣው ይህን አልደበቀም፤ የስሌቱን ዘዴ በግልጽ ያትማል። የሚያሳፍረው እኛ ሳናነብ ማመናችን ነው።

ታዲያ የተቆጠረው የማን ደመወዝ ነው? በዙሪክ፣ በፍራንክፈርትና በለንደን በአማካሪ ድርጅቶችና በባንኮች የተቀጠሩ ሰዎች ደመወዝ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ስላላቸው በአብዛኛው አህጉር ያለ ሥራ ፈቃድ ይቀጠራሉ፤ የቀጣሪዎቻቸውን ቋንቋ አፍ ከፈቱበት ጀምሮ ይናገራሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተመራቂ ግን ጀርመን ከሆነ ሥራ የሚፈልግበት 18 ወር፣ ኔዘርላንድስ ከሆነ አንድ ዓመት ይሰጠዋል፤ ሰዓቱ እየቆጠረበት በር ያንኳኳል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ትምህርት ተምረው ሊሆን ይችላል። የገቡበት ገበያ ግን አንድ አይደለም። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ነገሩ ከደመወዝም ጠለቅ ይላል። ኤች.ኢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1881 በፓሪስ የንግድ ምክር ቤት ሲመሠረት ዓላማው የፈረንሳይን የንግድ መሪዎች ማፍራት ነበር። ወደ እነዚህ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች የሚወስደው ነባሩ መንገድ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የሁለት ዓመት የመሰናዶ ትምህርትና ብርቱ የውድድር ፈተና ነው። የፈረንሳዩ ሶሲዮሎጂስት ፒየር ቡርዲዩ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ሰፊ ጥናቱ እነዚህ ተቋማት የተወረሰን ዕድል ወደ ችሎታ ማስረጃ የሚለውጡ ናቸው ሲል ተከራክሯል። እንግዲህ የዲግሪው ዋጋ ከትምህርቱ ብቻ የሚመነጭ አይደለም፤ አስቀድሞ ከተካሄደው ምርጫና ከተሳሰረው የትውውቅ መረብም ነው። ከውጭ መጥቶ ለሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሰው የትምህርቱን ክፍያ በሙሉ ይከፍላል፤ መረቡን ግን በሙሉ አይረከብም።

ሁለተኛው ስሕተት ኢኮኖሚክስንና ማኔጅመንትን የአንድ ዕቃ ሁለት ስም አድርጎ ማየት ነው። የማኔጅመንት ማስተርስ ሰውን በድርጅት ውስጥ ለመሥራት ያሠለጥናል፤ ገበያን ማጥናት፣ ሒሳብን ማንበብ፣ ሰውን መምራት። የኢኮኖሚክስ ማስተርስ ደግሞ የመለኪያ መሣሪያ ያስጨብጣል፤ የማይክሮና የማክሮ ንድፈ ሐሳብ፣ ከሁሉም በላይ ኢኮኖሜትሪክስ። ሊኒየር አልጀብራና ስታትስቲክስ በቅጡ ያልያዘ ተማሪ ስመ ጥር በሆነው የኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን መንፈቅ የሚያሳልፈው በጭንቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በቦሎኛ 29 የአውሮፓ አገሮች ከተስማሙ ወዲህ ማስተርስ በአብዛኛው ከ60 እስከ 120 ክሬዲት ሆኗል። በ60ና በ120 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሙሉ ዓመት ልዩነት ነው፤ ብዙ ጊዜም የመመረቂያ ጥናትን በጥድፊያ በመጻፍና አስቦ በመጻፍ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሰንጠረዡ ስለዚህ ዝም ይላል። የትምህርቱ ዝርዝር ግን ይናገራል፤ ችግሩ ዝርዝሩን የሚያነብ መጥፋቱ ነው።

ዝርዝሩን ላነበበ ሰው አውሮፓ ከላይ ወደ ታች የተደረደረ መሰላል ሳይሆን ልዩ ልዩ ሙያ የያዙ ጎረቤቶች ሰፈር ሆኖ ይታየዋል። ቱሉዝ የዣን ቲሮል ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የገበያ ኃይል ያላቸው ጥቂት ድርጅቶች እንዴት መቆጣጠር እንዳለባቸው በመተንተን ነው። ቴሌኮሙን እ.ኤ.አ. በ2022 ለሁለተኛ ተወዳዳሪ ለከፈተች አገር ከዚህ የሚቀርብ ዕውቀት ከወዴት ይገኛል? በ2006 የተመሠረተው የፓሪስ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የእኩልነት ማጣትንና የልማትን ጥናት ስም አስጠርቷል። በዘ ሄግ ከ1952 ጀምሮ የልማት ጥናት የሚያስተምር ተቋም አለ። ከእነዚህ መካከል «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ «ከሐኪምና ከመሐንዲስ ማን ይበልጣል?» እንደ ማለት ነው። መልሱ በሽታ ነው ወይስ ድልድይ ነው የቸገረህ በሚለው ይወሰናል።

ወደ ገንዘቡም እንምጣ። ከአውሮፓ ውጭ በሚመጣ ተማሪ ላይ ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ በ2023 ክፍያ ጥለዋል። በጀርመን ደግሞ ማንሃይም የሚገኝበት የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ከ2017 ጀምሮ በመንፈቅ 1,500 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል። በብዙዎቹ የጀርመን መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ክፍያ መማር ቢቻልም፣ ለቪዛ በዝግ ሒሳብ መታየት ያለበት የዓመት መተዳደሪያ በ2024 መገባደጃ ወደ 11,904 ዩሮ ከፍ ብሏል። በዚያው ዓመት በሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። የቤተሰብ ቤት አሲዞ ስም ለመግዛት የሚሯሯጠውን ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ከ2004 ጀምሮ ያለው ኢራስመስ ሙንዱስ አለ፤ የሥራ ልምድ ላላቸው የታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የጀርመን የነፃ ትምህርት ዕድል አለ። ብዙ ወጣቶቻችን ግን የነፃ ዕድሉን ትተው ስሙን ያሳድዳሉ።

እርግጥ ነው፣ «ስም በር ይከፍታል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት አለው፤ አልክድም። በለንደን ባንክ መሥራትና እዚያው መኖር የሚሻ ሰው ሰንጠረዡን ቢከተል ለዓላማው ይስማማዋል፤ ነውርም የለበትም። ነውሩ በሌላ በኩል ነው። ይኸው ሰው በማመልከቻ ደብዳቤው «አገሬን ለማገልገል» ብሎ ይጽፋል፤ ተቋሙን የሚመርጠው ግን በደመወዝ ዓምድ ነው። ደግሞም ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም። የተመለሰውን ባለሙያ «ምን ተማርክ?» ሳይሆን «የት አገር ተማርክ?» ብለው የሚቀጥሩ መሥሪያ ቤቶች ያስተማሩት ትምህርት ነው።

ውጤቱን እያየነው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ዕዳዋ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ እንዲሸጋሸግላት ጠየቀች፤ በታኅሣሥ 2023 የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ከአበዳሪ ጋር በሚደረገው ድርድር ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚያስፈልገው በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የዲግሪ ስም አይደለም። የወለዱን ስሌት ራሱ መሥራት፣ የተቃራኒውን ወገን ሞዴል ማፍረስ መቻል ነው። በታኅሣሥ 2024 የባንኩ ዘርፍ ለውጭ ባለሀብቶች በሕግ ሲከፈት፣ ተቆጣጣሪው ከተቆጣጠረው የማያንስ ዕውቀት ከሌለው ቁጥጥሩ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጀርመን አገር የተማረው ሕክምና ነበር። ሲጽፍ ያነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ አገራችን ስለ ምን ደኸየች? ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» እስከ ዛሬ የሚነበበው በዚያ ጥያቄ ምክንያት እንጂ በተማረበት ቤት ደረጃ አይደለም።

ስለዚህ ወጣቱ ሰንጠረዡን ከመግለጡ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። የቸገረኝ ጥያቄ ምንድን ነው? እርሱን የሚያስተምረው ማን ነው? ዕዳ ሳልሸከም እንዴት እደርሳለሁ? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ሰው የት እንደሚማር ያውቃል። ያልመለሳቸው ግን አንደኛ በወጣው ትምህርት ቤት ተቀምጦም የሌላውን ሰው ሕይወት ሲማር ይከርማል።