እስትንፋሱ የተለወጠ ሞተርና የካርቡራቶር ቅኝት

ሞተር ብስክሌት ዛሬ በብዙ ቤት የወጣት መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ የእንጀራ መሣሪያ ሆኗል። ወጣቱ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን አውጥቶ ክፍት ማጣሪያ ሲገጥም፤ ማርሚታውንም ድምፁ ጐላ በሚል ሲለውጥ፤ ኃይል የተጨመረለት ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ ሞተሩ ይንተባተባል፤ ዳገት ላይ ይደክማል፤ ከመጠን በላይም ይግላል። ያን ጊዜ አባት ልጁን፤ ልጅም ዕቃውን የሸጠለትን ነጋዴ ይወቅሳል። ነገሩ ግን የማንም ተንኰል ሳይሆን የሚዛን መፍረስ ነው።

ዳይምለርና ማይባህ የተባሉ ጀርመናውያን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. የቤንዚን ሞተር ከእንጨት በተሠራ ብስክሌት ላይ ከገጠሙ ወዲህ የነገሩ ሥር አንድ ነው። ቤንዚን ብቻውን ኃይል አይሰጥም፤ ከአየር ጋራ በልክ ተቀላቅሎ ሊቃጠል ይገባዋል። ልኩም በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ነው። ይህን የሚያደላድለው ካርቡራቶር ነው። ፋብሪካው የናሱን ቀዳዳዎች የመጠነው ለቀድሞው ማጣሪያና ለቀድሞው ማርሚታ ስለ ሆነ፤ አየሩ በዝቶ ሲገባ ቤንዚኑ ባለበት ከቀረ ድብልቁ ይሳሳል። ስለዚህ እስትንፋሱን የለወጠ ሰው ምግቡንም መለወጥ ግድ ይሆንበታል።

የአገራችንም ከፍታ በዚህ ላይ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በጠረፍ የተመጠነ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ እዚህ የተቃኘውም 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ድብልቁ ይሳሳበታል። እንግዲህ በሌላ አገር የሠመረውን የቀዳዳ ቍጥር እንዲሁ መገልበጥ አይበጅም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሞተር ግን በሽታውን አይደብቅም፤ የሚጠፋው ጠያቂው ነው። ድብልቁ የሳሳ እንደ ሆነ ሞተሩ ይግላል፤ እጀታው ሲለቀቅ ማርሚታው ይተኵሳል፤ ፍጥነቱ ወዲያው አይወርድም፤ ካንዴላውም ይነጣል። የወፈረ እንደ ሆነ ጥቁር ጢስ ይወጣል፤ ቤንዚን ይሸታል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይልቁን ይከብደዋል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ለመለየት የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ፤ ይኸውም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የጧት ማስነሻውን የአየር መዝጊያ በጥቂቱ መሳብ ነው። ሞተሩ ከተሻለው የጐደለው ቤንዚን ነው፤ ከባሰበት ግን የበዛው ቤንዚን ነው።

ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት ግን ካርቡራቶሩን ከሞተሩ ጋራ የሚያያይዘው ጐማ ስንጥቅ እንደሌለበት፤ ቤንዚኑ ያልቈየና ያልቈሸሸ እንደ ሆነ፤ የናሱም ቀዳዳዎች እንዳልተደፈኑ መመርመር ይገባል። በስንጥቅ የሚገባ አየር ባለበት ቅኝት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ በየትኛው የእጀታ መዞር ላይ እንደሚታይ መለየት ነው። በእጀታው ላይ ወረቀት ለጥፎ ሩቡን፤ ግማሹንና ሦስት አራተኛውን ማመልከት ይረዳል። በተለመደው ባለ መርፌ ካርቡራቶር፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራና እጀታው ገና ሲነካ የሚመግበው ትንሹ ቀዳዳና ማደላደያው ብሎን ነው፤ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ይልቁንም መርፌው ነው፤ ከዚያ በላይ ትልቁ ቀዳዳ ነው። በመጀመሪያ ትልቁን ቀዳዳ ወደሚቀጥለው ቍጥር መለወጥ፤ ቀጥሎ መርፌውን፤ በመጨረሻም ብሎኑን ማስተካከል ይበጃል። መርፌውን የያዘችው ቀለበት አንድ ጭረት ወደ ታች ስትወርድ መርፌው ከፍ ይላል፤ ቤንዚኑም ይጨምራል። ብሎኑ በማጣሪያው በኩል ያለ እንደ ሆነ አየር ይመጥናልና ሲፈታ ድብልቁ ይሳሳል፤ በሞተሩ በኩል ያለ እንደ ሆነ ቤንዚን ይመጥናልና ሲፈታ ይወፍራል።

በገና የሚቃኝ ሰው አሥሩን አውታር ባንድ ጊዜ አያጠብቅም። እንዲሁ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፤ በደብተር ጽፎ፤ ሰው በሌለበት መንገድ መፈተን ይገባል። ሁለት ነገር ባንድ ላይ የለወጠ ሰው ያዳነውን ከጐዳው መለየት አይችልም።

ይህ የገንዘብ ጕዳይ ብቻ አይደለም። በሳሳ ድብልቅ ብዙ የተነዳ ሞተር ፒስተኑ በሙቀት ይበሳል ወይም ይነክሳል፤ የነከሰም እንደ ሆነ የኋላው እግር ባንድ ጊዜ ይታሰርና ነጂውን ይጥላል። ሥራውም በደጅ እንጂ በተዘጋ ቤት አይሁን፤ የሞተር ጢስ ሽታ በሌለው መርዝ ሰው ይገድላልና። የከሰል ምድጃም፤ ሲጋራም፤ ሕፃናትም ከቤንዚን ይራቁ።

የፋብሪካውን ማጣሪያና ማርሚታ የቤቱ ጌታ እንዳይጣሉ ያዝዝ። ብዙ ተደክሞ ሞተሩ እንቢ ያለ እንደ ሆነ የቀድሞውን ዕቃ ከቀድሞው ቀዳዳና ከቀድሞው የመርፌ ልክ ጋራ መልሶ መግጠም ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ደኅና ከሠራ ጥፋቱ በለውጡ ነበር፤ ካልሠራም ሕመሙ ከለውጡ በቀር ሌላ ነውና በሌላ ስፍራ ይፈለጋል። ወደ ነበረበት መመለስ ለአዋቂ ነውር አይደለም፤ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ አጭሩ መንገድ ነው።