ያገለገለ የዓሣ ጀልባ፦ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ሞተር መግዛት ያከስራል

በባሕር ዳርም ሆነ በዝዋይ፣ በሐዋሳም ሆነ በአርባ ምንጭ ያገለገለ የዓሣ ጀልባ የሚያሻሽጥ ደላላ ገዢውን አስቀድሞ የሚያሳየው ቀለሙን ነው። በቅርቡ ሰማያዊ የተቀባ አካል፣ ከኋላው የተሰቀለ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ተነስቶ የሚያጓራ ድምፅ፤ ገበያው በዚህ ይጀመራል፣ ብዙ ጊዜም በዚሁ ያልቃል። ከአዲስ አበባ ጥቂት ገንዘብ ይዞ የወረደው ባለሀብት የጀልባውን ሆድ እንኳ ሳያይ ቀብድ ይከፍላል። ግዢው የመኪና ቢሆን ኖሮ ይኸው ሰው መካኒክ አስከትሎ፣ ሞተሩን አስፈትሾ፣ ሊብሬውን አገላብጦ ነበር የሚዋዋለው።

ለጀልባው ግን ከመኪናው የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ያልሆነለት መኪና ትንሽ ከስሮም ቢሆን በሳምንቱ ሌላ ገዢ ያገኛል። የጀልባ ገዢ የሚገኘው ግን በዚያው በአንዱ ሐይቅ ዙሪያ ነው፤ እነሱም ጀልባውን ከነታሪኩ ያውቁታል። ስለዚህ በስህተት የተገዛ ጀልባ ገንዘቡን ይዞ ዳር ላይ ይቀራል።

በጣና የሞተር ጀልባ የዓሣ ሥራ ዕድሜው ያን ያህል ረጅም አይደለም። አስጋሪው ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረው ከደንገል በሚታሰር ታንኳ፣ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በኔዘርላንድ ድጋፍ የተጀመረው የሐይቁ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ካስገባ በኋላ ነው ሥራው ወደ መሐል ሐይቅ የገባው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጀልባ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር፣ ሞተሩም ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖሯል። ዛሬ ገበያ ላይ የሚቀርበው ጀልባ አካሉ የአንድ፣ ሞተሩ የሌላ፣ መረቡ የሦስተኛ ሰው የነበረ ሊሆን ይችላል። በራሱ ክፋት የለውም፤ ክፋቱ ሦስቱን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ መግዛቱ ላይ ነው። ገዢው የእያንዳንዱን ዋጋ ለየብቻ አስነግሮ ለየብቻ መከራከር አለበት።

ከሦስቱ ኪስ የሚያራቁተው ሞተሩ ነው። ሻጮች ስለ ፈረስ ጉልበት ሲያወሩ የማይነግሩት አንድ ነገር አለ። ቤንዚን ሞተር ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር የሚያገኘው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ በላዩ 40 ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚያ የሚሰጠው 33 ያህል፣ 15 የተጻፈበትም ከ12 ብዙ ያልበለጠ ነው። ዝዋይና ሐዋሳም ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆኑ ልዩነታቸው ጥቂት ነው። ዝቅ ያለው ጫሞ እንኳ አንድ አሥረኛውን ያህል ይወስዳል።

ደላላው ይህን ከሰማ «እንግዲያው ትልቁን ይግዙ» ማለቱ አይቀርም። ስሌቱ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። የዓሣ ጀልባ የፍጥነት ውድድር የለበትም፤ ስድስትና ሰባት ሜትር የሆነ፣ መረብና ዓሣ የጫነ ከባድ አካል ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲገፋ ውሃውን ከመቆለልና ቤንዚን ከመጨረስ በቀር የሚያተርፈው የለም። ባለ ሁለት ምት የሆነው የተለመደው ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ባለ 40ው በሰዓት 15 ሊትርና ከዚያ በላይ፣ ባለ 15ቱ ደግሞ 6 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በቀን ሁለት ሰዓት፣ በወር 20 ቀን የሚሠራ ጀልባ ይታሰብ። ትልቁ 600 ሊትር፣ ትንሹ 240 ሊትር ይፈልጋል። የ360 ሊትር ልዩነት ነው። በ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት የሚቀላቀል ከሆነ ደግሞ ለትልቁ በወር 12 ሊትር ዘይት ይጨመርለታል። ይህን ቁጥር በዕለቱ የማደያ ዋጋ አባዝቶ የግዢው ዋጋ ላይ የሚደምር ገዢ ጥቂት ነው። ትልቁ ሞተር ቀስ ተብሎ ቢነዳ ይቆጥባል የሚል ክርክር አለ፤ እውነትነትም አለው። ያልተጠቀሙበትን ጉልበት በውድ ዋጋ ገዝቶ፣ 70 ኪሎ የሚሆን ብረት ከኋላ አንጠልጥሎ መዞር ግን ገንዘብ ያነሰው ሰው ሥራ አይደለም። የባለ 15ቱ ክብደት 40 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ማታ ፈትቶ ቤት ለማስገባትም ይመቻል።

ፍተሻው ከጠዋቱ መጀመር አለበት። ገዢው ሲደርስ መጀመሪያ እጁን ሞተሩ ላይ ያኑር። ሞቆ ከጠበቀው ሻጩ ቀደም ብሎ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ሲቀዘቅዝ የማይነሳ ሞተር የሚደበቀው በዚህ መንገድ ነው። ቀዝቅዞ ከሆነ ካንዴላዎቹ ተፈትተው የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን በጌጅ ይለካ። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ የበለጠ ልዩነት ከታየ ፋሻው ወይም ፒስቶኑ ተበልቷል፤ ዋጋውም የጥገናውን ያህል መውረድ አለበት። ከታች የጊር ዘይቱ መፍቻ ትንሽ ይላላ። የሚወጣው ዘይት እንደ ወተት ከነጣ የውሃ መከላከያው ጎማ አልቆ ውሃ ገብቷል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ በጎኑ የማቀዝቀዣው ውሃ በቀጭን ፏፏቴ ሊወጣ ይገባል። ካልወጣ ፓምፑ ሞቷል፣ አለያም መንገዱ ተደፍኗል። ሞተሩ ጨው ውሃ ላይ ሠርቶ በጅቡቲ በኩል የገባ ከሆነ ውስጡን ጨው የበላው ሊሆን ስለሚችል የሐይቅ ሞተር ዋጋ አይገባውም። በጣና ሌላም ጣጣ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በይፋ የታወቀው እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያም ይደፍናል።

በዳር አስነስቶ ማጥፋት ሙከራ አይባልም። የአንድ ቀን ዓሣ የሚያህል አሸዋ በጆንያ ተጭኖ ግማሽ ሰዓት በሐይቁ ላይ ይነዳ። ያኔ የደከመ ሞተር ራሱን ይናገራል።

አካሉን ለመመርመር ጀልባው ከውሃ መውጣት አለበት። ሻጩ «ሰው የለም፣ ከባድ ነው» ካለ ሰው ቀጥሮም ቢሆን ማውጣት ነው። የእንጨቱ ጀልባ በወስፌ ይወጋ፤ ወስፌው ያለችግር ከገባ ሳንቃው በስብሷል። የላሜራው በትንሽ መዶሻ ይመታ፣ በተለይ አዲስ ቀለም በተቀባበት በኩል፤ ብየዳ በብየዳ ላይ የተደረበበት ሆድ ዕድሜው አጭር ነው። በፋይበር ግላሱ ደግሞ ዓይን ማረፍ ያለበት ሞተሩ በሚታሰርበት የኋላ ሳንቃ ላይ ነው። ሞተሩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዘወዝ ሳንቃው አብሮ ከተነቃነቀ ውስጡ ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቷል። እግረ መንገዱን የዚሁ ሳንቃ ቁመት ይለካ፤ ባለ አጭር እግር ሞተር 38 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ ረጅም እግር 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ሞተር ከአካል ወደ አካል በተዘዋወረበት ገበያ ይህ ሲዛነፍ ፕሮፔለሩ ወይ አየር ይቀዝፋል፣ ወይ ያለ ልኩ ጠልቆ ጥልቀት በሌለው ዳር ድንጋይ ይመታል። የዝዋይ አማካይ ጥልቀት ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑን ማስታወስ ነው።

የሰነዱ ነገር ከሁሉም ይልቅ ችላ ይባላል። ሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ይመሳከር። ጀልባው የማኅበር ንብረት ከሆነ የሊቀ መንበሩ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ አባላቱ ለመሸጥ የተስማሙበት ቃለ ጉባኤ ይጠየቅ። ግማሹ አባል ያልሰማው ሽያጭ ጀልባውን ከሐይቅ ወደ ፍርድ ቤት ይወስደዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለንግድ ማስገር ፈቃድ ይጠይቃል። የሻጩ ፈቃድ ከጀልባው ጋር አብሮ ይሸጣል ብሎ መገመት አይገባም፤ ቀብድ ከመክፈል በፊት የወረዳውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቀድማል።

ገንዘቡን ስለማከፋፈል የሚሻለው ይህ ነው። መቶ ብር ያለው ሰው ለጀልባና ለሞተር ከ65 ብር በላይ አያውጣ። ቀሪው የመረብ፣ የመለዋወጫ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት፣ የበረዶ ሣጥንና የመጀመሪያው ወር ነዳጅ ነው። በረዶ የሌለው አስጋሪ ገና ዳር ሳይደርስ ዋጋውን ለነጋዴው አስረክቧል፤ በዐቢይ ጾም ገበያው ሲሞቅ እንኳ የተበላሸ አምባዛ የሚገዛ የለም። አካሉ ያረጀ፣ ግን የማያፈስ፣ ሞተሩ ትንሽ፣ ግን ጤነኛ፤ ለአነስተኛ ገንዘብ የሚመረጠው እንዲህ ያለው ነው። አብዛኛው ገዢ ግን ያማረ አካልና የደከመ ትልቅ ሞተር ይዞ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ «ጀልባው ለምን ይሸጣል?» የሚለው ጥያቄ አለ። መልሱ ሁልጊዜ ሞተሩ ውስጥ አይገኝም። በጣና ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት፣ ላቤኦባርበስ የተባሉት ዓሦች ክምችት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በ75 በመቶ መቀነሱን ተመራማሪዎች አሳትመዋል። አንዱ ምክንያት ዓሦቹ በክረምት ለመራባት በወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ መጠመዳቸው ነው። እንዲህ ባለ ሐይቅ አንዱ ሻጭ ሞተሩ ስላስቸገረው ሳይሆን መረቡ ባዶ እየወጣ ስላስቸገረው ሊሸጥ ይችላል። ያ ደግሞ በመካኒክ አይጠገንም።

መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ይሰበሰባል። ገዢው ሁለት ሦስት ሌሊት ከሻጩ ጋር ይውጣ፤ ስንት ኪሎ ቆሮሶ፣ ስንት ኪሎ አምባዛ እንደወጣና ስንት ሊትር ቤንዚን እንደተቃጠለ በዓይኑ አይቶ ይጻፍ። ሻጩ ይህን ቀድሞ በደብተር ሲመዘግብ የኖረ ሰው ሆኖ ከተገኘ፣ የሚጠይቀው ዋጋ ከጎረቤቱ ትንሽ ከፍ ቢልም የሚገዛው የሱ ጀልባ ነው።