ፊቱ የተጎዳ ሕፃን በጓዳ አይደበቅ

ጉንጩ ተበልቶ ጥርሱ በውጭ የሚታይ፣ አፉን እንደ ልቡ ከፍቶ መብላት የማይችል ልጅ ያለበት ቤት እንግዳ ሲመጣ ልጁን ወደ ጓዳ ያስገባል። ነገሩም ለእርግማን ወይም ለቡዳ ይሰጣል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳት ከሚያደርሱት አንዱ ኖማ የተባለው በሽታ ሲሆን፣ በአገራችንም ይገኛል። ይበልጡን የሚያጠቃው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን፣ በምግብ እጥረት የተጎዱትን ወይም ከኩፍኝ ገና ያገገሙትን ሕፃናት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ መድቦታል።

ከሞት የተረፈ ሕፃን ቁስሉ ፈጽሞ ከዳነና ሰውነቱ ከጠና በኋላ ፊቱ በቀዶ ሕክምና ሊጠገን ይችላል። ብዙዎቻችን ከጭን ላይ ቆዳ ተልጦ የሚለጠፍ ይመስለናል። ስስ ቆዳ ግን ደም የሚያገኘው ከተለጠፈበት ሥጋ ስለሆነ፣ በባዶ ቀዳዳ ላይ ቢያኖሩት ይሞታል። ስለዚህ ሐኪሞች ቆዳውን ከነሥጋውና ከነደም ሥሩ ያዛውሩታል። ለምሳሌ አፍንጫ ሲሠራ፣ ከግንባር ላይ እንደ ምላስ የሾለ ቆዳ ይነሣና፣ በቅንድብ በኩል ሳይበጠስ ወደ ታች ይዞራል። 3 ሳምንት ያህል እንደተያያዘ ቆይቶ ከአዲሱ ቦታ ደም ማግኘት ሲጀምር ማያያዣው ይቆረጣል። በእነዚያ ሳምንታት ልጇን የምታይ እናት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ያ የተንጠለጠለ ሥጋ ግን ደም የሚያልፍበት መንገድ ነውና መነካካት አይገባም።

የጉንጭ ጥገና ከዚህ ይከብዳል። ውስጡም ውጭውም መሸፈን ይኖርበታል፤ የተቆለፈ መንጋጋ ካለም መላቀቅ አለበት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አፍ የማስከፈት ልምምድ ያስፈልጋል። ይህ የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ከተቋረጠ መንጋጋው ተመልሶ ሊገጥም ይችላል።

እናቶች ሆይ፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን እዚህ ሳይደረስ መከላከል ነው። ኖማ የሚጀምረው ከድድ ነው። የሕፃኑ ድድ ከቆሰለና ከደማ፣ የአፉ ጠረን ከከፋ፣ ጉንጩም ካበጠ ነገ ሳይባል በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በጊዜ ከተደረሰለት በጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ አፍን በማጽዳትና ገንቢ ምግብ በመስጠት ይድናል። ካልታከሙት ሕፃናት ግን ከ100 እስከ 90 የሚሆኑት ይሞታሉ። የኩፍኝ ክትባትን በወቅቱ ማስከተብና የሕፃኑን አፍ በየጊዜው ከፍቶ ማየት ብዙ ድካም የለውም፤ የሚያተርፈው ግን አንድ ሕይወትና አንድ ፊት ነው።